የፕሮግራሚንግ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሁለት ኩዌሪ የሚበቃው ገጽ

የፕሮግራሚንግ ክበብ ዘንድሮ የሠራው የክበባት አባላት መዝገብ ነው፤ በፓይተንና የፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ በሆነው በጃንጎ። አንድ ተማሪ ብዙ ክበባት ውስጥ ይገባል፣ አንድ ክበብም ብዙ ተማሪዎች ይኖሩታል። እንዲህ ያለ የብዙ ለብዙ ዝምድና በሁለት ሠንጠረዥ አይቀመጥም፤ መሃል ላይ አገናኝ ሠንጠረዥ ይገባል፣ እያንዳንዱ ረድፉም የአንድ ተማሪና የአንድ ክበብ መለያ ቁጥር ይይዛል። ጃንጎ አገናኙን ራሱ ይፈጥረዋል፤ ያው ጥንድ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብም ይከለክላል። የምዝገባ ቀንና የሥራ ድርሻ እንዲጨመርበት ስለተፈለገ ግን አባላቱ አገናኙን በራሳቸው ሞዴል (ሠንጠረዥን በሚገልጽ የፓይተን ኮድ) ጻፉት። በዚህ ጊዜ ክልከላው አብሮ አይመጣም፤ የዩኒክ ገደቡን (ድግግሞሽ የሚከለክለውን ደንብ) በእጅ መጻፍ ግድ ነው።

ከሥራው ሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደው የተማሪዎች ዝርዝር ገጽ ነው። ኮዱ ተማሪዎቹን አምጥቶ በሉፕ (በድግግሞሽ ዙር) ውስጥ የእያንዳንዱን ክበባት ሲጠይቅ፣ ለ200 ተማሪ 201 ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ይላካል፦ አንዱ ለዝርዝሩ፣ ቀሪው ለየተማሪው። በአምስት የሙከራ ተማሪ ሲታይ ምንም አይታወቅም፤ ችግሩ የሚወጣው መረጃው ሲበዛ ነው። መድኃኒቱ ፕሪፌች ሪሌትድ የሚባለው የጃንጎ ትእዛዝ ነው፤ በሁለተኛ ኩዌሪ የሁሉንም ተማሪዎች ክበባት አንድ ላይ ያመጣና በፓይተን በኩል ለየባለቤቱ ያከፋፍላል። 201ዱ ወደ 2 ይወርዳል። ሌላው ትእዛዝ ሰሌክት ሪሌትድ እዚህ አይሠራም፤ እሱ በጆይን (ሠንጠረዦችን በማጣመር) የሚያመጣው አንድ ብቻ የሆነ ተዛማጅን ስለሆነ ጃንጎ ስህተት ብሎ ይመልሰዋል።

ፕሪፌች ከተጻፈ በኋላም ወጥመድ አለ። ሉፑ ውስጥ ሁሉንም የሚሰጠውን «ኦል» በመጥራት ፋንታ የሚያጣራው «ፊልተር» ከተጠራ አስቀድሞ የመጣው መረጃ ይታለፋል፤ ለየተማሪው እንደገና ኩዌሪ ይላካል፣ ድምሩም 202 ይሆናል። ማጣሪያው የፕሪፌች ኦብጀክት ውስጥ ገብቶ ውጤቱ «ቱ አትር» በሚለው አማራጭ በሌላ ስም ሲቀመጥ ግን ሁለቱ ኩዌሪ ሁለት ሆነው ይቀራሉ።

ዝግተኛ ገጽ ቢያንስ ያስታውቃል። የተሳሳተ ቁጥር ግን ፈጥኖ ይመጣና ይታመናል፤ ስለዚህ ክበቡ ይበልጥ የተጠነቀቀው በዚህ ነው። የሳይንስ ወይም የሙዚቃ ክበብ አባላት ሲፈለጉ፣ ሁለቱም ውስጥ ያለ ተማሪ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ጆይኑ በየአባልነቱ አንድ ረድፍ ስለሚሰጥ ነው። ድግግሞሽን የሚያስወግደው «ዲስቲንክት» ይፈታዋል፤ «ኤግዚስትስ» ያለው፣ መኖር አለመኖሩን ብቻ የሚጠይቅ ንዑስ ኩዌሪ ግን ድግግሞሹን ከመነሻው ስለማይፈጥር እሱን እንመርጣለን። ሁለቱም ውስጥ ያሉት ብቻ ሲፈለጉ ደግሞ ሁለት ፊልተር በተከታታይ ይጻፋል። ሁለቱን ሁኔታዎች በኪው (በጃንጎ የሁኔታ ማጣመሪያ) አጣምሮ አንድ ፊልተር ውስጥ መክተት አንድ ክበብ ሳይንስም ሙዚቃም ተብሎ እንዲጠራ መጠየቅ ነው፤ ውጤቱ ባዶ ይሆናል።

ቆጠራው ከሁሉም ይከፋል። ለምሳሌ 3 ክበባት ያሉትና 4 መጻሕፍት የተዋሰ ተማሪ፣ ሁለቱ ቆጠራዎች በአንድ ኩዌሪ ሲጠየቁ 12 ክበባትና 12 መጻሕፍት አሉት ይባላል። ሁለቱ ጆይኖች ረድፎቹን ስላባዟቸው ነው። በየቆጠራው ላይ ዲስቲንክት ሲጨመር 3 እና 4 ይመለሳሉ። ለድምር ግን ዲስቲንክት አይበጅም፦ ሁለት መጻሕፍት እኩል ገጽ ካላቸው አንዱን ይጥለዋል። የገጽ ድምር በንዑስ ኩዌሪ ለብቻው ይሰላል።

መረጃን ወደ ዳታቤዙ በማስገባት በኩል፣ ብዙ አባላትን በሉፕ አንድ በአንድ ማስገባት ቀርቶ የአገናኙ ረድፎች በ«በልክ ክሪኤት» በአንድ ጊዜ ይገባሉ።

አሁን እያንዳንዱ የዝርዝር ገጽ የኩዌሪዎቹን ቁጥር የሚያረጋግጠው «አሰርት ነም ኩዌሪስ» ያለበት ፈተና አለው። ፈተናው በ3 እና በ30 ተማሪ ይሮጣል፤ የኩዌሪው ቁጥር በሁለቱ ከተለያየ ኮዱ ተቀባይነት አያገኝም። በሚቀጥለው ዓመት አባላቱ አገናኙ ላይ ያሉትን ኢንዴክሶች (ፍለጋን የሚያፋጥኑ ማውጫዎች)፣ ዳታቤዙ ኩዌሪን እንዴት እንደሚፈጽም በሚያሳየው «ኤክስፕሌይን» እያዩ ይመረምራሉ።