የትምህርት ቤታችን የብስክሌት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ በሶው ከማን ጋር ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት መንዳት የማይችል ተማሪ ማግኘት ይከብዳል። ከተማው ሜዳ ነው፤ ከሽምብጥ ፔዳ ድረስ ብዙም ሳያልቡ ይደረሳል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ምዝገባ ስንጀምር ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ግፊያ ነበር። «የረጅም ርቀት የተራራ ብስክሌት ውድድር» የሚለውን ያነበበ ሁሉ ግን ምን እንደሚጠብቀው ያወቀ አይመስለኝም። በመጀመሪያው ልምምድ ቤዛዊት ኮረብታን ስንወጣ ግማሹ ብስክሌቱን እየገፋ ነው ጫፍ የደረሰው። በሳምንቱ ሰልፉ ራሱን በራሱ አሳጠረ።

የብስክሌቶቹን ነገር ባላነሳው ደስ ይለኛል። ማርሹ በትክክል የሚቀያየር ጥቂት ነበር፤ የቀረው የወንድም፣ የአጎት፣ የጎረቤት ነው። አከራዮች ደግሞ ኮረብታ ልንወጣበት መሆኑን ሲሰሙ «ለሐይቅ ዳር ከሆነ ውሰዱ» ይሉናል። አልፈርድባቸውም።

ትምህርቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። በራችን አጠገብ የሚሠራው ጎሚስታ ሥራውን አቋርጦ እየመጣ ጎማ መለጠፍ አስተማረን። የውስጡን ጎማ ነፍቶ ሳፋ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ አረፋ የወጣበትን በጣቱ ይይዝና ያደርቀዋል፤ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፤ ከዚያ ማስቲሽ ይቀባል። ልጆቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ወዲያው መለጠፍ ያምራቸዋል። አንዷን የ10ኛ ክፍል ተማሪ «እህቴ፣ ማስቲሹ ጣትሽን መያዝ ሳይተው ከለጠፍሽው እኔው ጋ ነው የምትመለሺው» አላት። እንዳለውም ተመለሰች። ሌላው የማልረሳው ምክሩ፣ አዲስ ከመለጠፍ በፊት የውጪውን ጎማ ውስጡን በእጅ መዳበስ ነው። የግራር እሾህ እዚያው ተሰክቶ ቀርቶ ልጥፉን በደቂቃ ውስጥ መልሶ ይበሳዋል።

የእኔ ድርሻ ምግቡ ነበር። የባዮሎጂ መምህር በመሆኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጠንክሮ የሚጋልብ ሰው ጡንቻውና ጉበቱ ያከማቹት ስኳር ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሊያልቅበት ይችላል፤ ካለቀ በኋላ መብላት ቶሎ አያነሳም። ስለዚህ ሳይርብ መብላት፣ ሳይጠማ መጠጣት ያስፈልጋል። በውጭ አገር ለዚህ የሚሸጠው የታሸገ ጣፋጭ ውድ ነው፤ እኛ በሶ አለን። በጨውና በስኳር ተጨብጦ ኪስ ውስጥ የሚገባ ጭብጦ ከእሱ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

የውድድሩን ደንብ ከደቡብ አፍሪካው ኬፕ ኤፒክ ነው የወሰድነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ ስምንት ቀን የሚፈጅ የተራራ ብስክሌት ውድድር ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይጋልባሉ፣ ጥንዶቹም ከሁለት ደቂቃ በላይ መራራቅ አይፈቀድላቸውም። ይህን ስናገር ጉልበተኞቹ ልጆች አጉረመረሙ። ጥንዶቹን በዕጣ ስናወጣማ ጭራሽ አኮረፉ።

መጀመሪያ ያሰብነው ጢስ አባይ ድረስ ሄዶ መመለስ ነበር፤ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከከተማ ርቆ መውጣት ስላልተቻለ ያንኑ ርቀት ቤዛዊትን ባካተተ ዙር ሞላነው። ሄልሜቱም ለሁሉም አልበቃም፤ ግማሹ ሚያዝያ ውስጥ ባለ አንድ ቅዳሜ፣ ግማሹ በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ተወዳደረ። የእሑዶቹ «የኛ ፀሐይ ይብሳል» ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እውነታቸውን ነው።

የዓመቱ ወሬ የሆነው ግን አንድ የቅዳሜ ጥንድ ነው። ልጁ ከሁሉም ፈጣን ነው፤ ልጅቷ ዝግ ብላ የምትነዳ ናት። ዕቃ ሲከፋፈሉ መንፊያውና ማስቲሹ እሱ ጋ፣ በሶው በሙሉ እሷ ጋ ሆነ። ሦስተኛው ዙር ላይ ጥሏት ሄደ። ኮረብታው ሥር ጎማዋ ተነፈሰ፤ እሱ ደግሞ ጫፉ ላይ ጉልበቱ ከድቶት ተቀምጧል። ስደርስ «ቲቸር፣ በሶው እሷ ጋ ነው» አለኝ። «መንፊያውስ?» ስለው መልስ አልነበረውም፤ ብስክሌቱን አዙሮ ቁልቁል ወረደ። እሷ ጎማውን ፈታ፣ እሾሁን ነቅላ፣ በድንጋይ ፈትጋ ማስቲሹን ብቻ ትጠብቅ ነበር። አልተቆጣችውም፤ ጭብጦ ሰጠችው። የአሥር ደቂቃ ቅጣት ጻፍንባቸውና ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያለ እሷ ልምምድ አይመጣም።

አሸናፊዎቹ ሁለት የ11ኛ ክፍል ልጃገረዶች ናቸው። ምንም አልገጠማቸውም፣ ስለዚህ የሚወራም የለም፤ በየግማሽ ሰዓቱ እየበሉ ጨረሱ።

አንድ ነገር አስገርሞኛል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞቻችን ከሯጮቻችን ጋር እንደነበሩ፣ ብስክሌተኛው ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ ላይ እንደተሰለፈ ከክበቡ አባላት የሚያውቅ አንድም አልነበረም። አሁን በክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ጽፈውታል።

ለመጪው ዓመት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገን ሄልሜት ነው። ቤቱ ያለ ጥቅም የተቀመጠ ያለው ወላጅ በልጁ እጅ ቢልክልን እንቀበላለን፤ የተሰነጠቀ ግን አይላክ፤ አንዴ የተመታ ሄልሜት ሁለተኛ አያድንም። ምዝገባው ጥቅምት ላይ ነው፤ ጥንዶቹ አሁንም በዕጣ ይወጣሉ።