የጂኦግራፊ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ መስመሩን ማን አሰመረው?

ክበባችን በሌላው ጊዜ የሙቀትና የዝናብ መጠን ሲመዘግብ፣ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን ካርታ ሲስል ነው ዓመቱ የሚያልቀው። ዘንድሮ ግን ጥቅምት ላይ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 47 ደጋግሞ አንብቦ «መምህር፣ ድሬዳዋ እዚህ ውስጥ የለችም» አለኝና የዓመቱ ሥራችን በዚያው ተወሰነ። ልጁ ልክ ነው። አንቀጹ ዘጠኝ ክልሎችን በስም ይዘረዝራል፤ ጎረቤታችን ሐረሪ አለች፣ እኛ ድሬዳዋዎች የለንም። አዲስ አበባ እንኳ የራሷ አንቀጽ 49 አላት። ኦሮሚያም ሶማሌም ድሬዳዋን ይገባናል ሲሉ ስለቆዩ ከተማዋ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ሆነች፤ ቻርተሯን ያገኘችውም በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ነው። እንግዲህ ክልል በሌለው ከተማ ያደገ ልጅ «ለመሆኑ አንድ አገር ለምን በክልል ይከፈላል?» ብሎ ባይጠይቅ ነበር የሚገርመው።

የመጀመሪያው ክርክራችን ቀዝቃዛ ነበር። አንዱ ወገን «አገር ሲሰፋ ከአንድ ከተማ ሆኖ ማስተዳደር ያስቸግራል» አለ፤ ሌላው «ቋንቋና ባህል ሲበዛ ነው» አለ። ሁለቱም ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ ነው። ነፍስ የዘራበት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስዊዘርላንድን ስታነሳ ነው። ከአማራ ክልል በብዙ የምታንስ አገር 26 ካንቶኖች (ክልሎች እንደማለት) ሲኖሯት፣ ቻይና ያን ሁሉ ስፋት ይዛ አሃዳዊ፣ ማለትም ሥልጣኑ ሁሉ የማዕከሉ የሆነባት፣ የሆነችው ለምንድን ነው? የስፋቱ ወገን ዝም አለ። ቻይናም አውራጃዎች አሏት ብሎ የተከራከረ ነበር፤ ልዩነቱ የተገለጠልን እዚያ ላይ ነው። እንደ ወረዳና ቀበሌ ያለ ክፍፍል የሌለው አገር የለም ማለት ይቻላል፤ ያ ለአስተዳደር ምቾት ከላይ የሚሰመር መስመር ነው፣ ማዕከሉ ሲፈልግ ያጥፈዋል። ክልል የሚባለው ግን በሕገ መንግሥት የራሱ የሆነ ሥልጣን ያለው ነው። በእኛ አንቀጽ 52 መሠረት ለፌዴራል መንግሥት ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልሎች ነው። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1791 በሕገ መንግሥታቸው አሥረኛ ማሻሻያ ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል።

የዓመቱ ምርጥ ሥራ የምለው የኅዳሩን ልምምድ ነው። ወንዞችና ከተሞች ብቻ ያሉበት፣ ወሰን ያልተሰመረበት የኢትዮጵያ ካርታ ለየቡድኑ ተሰጠ፤ እያንዳንዱ ቡድን በአንድ መስፈርት ብቻ አገሩን እንዲከፍል ታዘዘ። በተፋሰስ የከፈለው ቡድን ድሬዳዋን ከአዋሽ ጋር አድርጎ ከአፋርና ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ክልል ውስጥ ጨመራት፤ ሐረር ደግሞ ውኃዋ ወደ ዋቢ ሸበሌ ስለሚወርድ ከእኛ ተለየች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ የሐረር ዘመድ የሌለው ተማሪ እዚህ ትምህርት ቤት የት ይገኛል? በርቀት የከፈለው ቡድን ድሬዳዋን ዋና ከተማ አድርጎ ሐረርንና ጅግጅጋን አስገበረላት። በቋንቋ የከፈለው ቡድን ሰሜኑንና ደቡቡን ቶሎ ቶሎ ጨርሶ ድሬዳዋ ላይ ሲደርስ ተጣበቀ። አባቱ ኦሮምኛ፣ እናቱ ሶማልኛ፣ ሰፈሩ አማርኛ የሚናገር አባል ነበራቸውና እርሳሱን በየትኛው በኩል እንደሚያሳልፉ ሲጨቃጨቁ ደወል ተደወለ። በሕዝብ ብዛት የከፈለውን ቡድን ሥራ አላነሣም፤ ሒሳቡ አልሠራም።

ከዚህ በኋላ ሌሎች አገሮችን ስናይ ጥያቄያችን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደደባለቀ ታየን። አሜሪካን የከፈላት የለም፤ 13 ቅኝ ግዛቶች ቀድመው ነበሩ፣ አገሪቱን የፈጠሯት እነሱ ናቸው። አውስትራሊያም እ.ኤ.አ. በ1901 ስድስት ቅኝ ግዛቶች ተስማምተው የመሠረቷት ናት። ናይጄሪያና ሕንድ ግን አገሩ ቀድሞ፣ መስመሩ በኋላ የመጣባቸው ናቸው። ናይጄሪያ ነፃ ስትወጣ ሦስት ክልል ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በ1967 አሥራ ሁለት፣ በ1996 ደግሞ 36 ሆኑ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1956 ግዛቶቿን በአብዛኛው በቋንቋ አደራጀች፤ ያም ሆኖ ቴሉጉ ተናጋሪዋ ቴላንጋና እ.ኤ.አ. በ2014 ከቴሉጉ ተናጋሪዋ አንድራ ፕራዴሽ ተለይታ ወጣች። ቋንቋ ብቻውን ሁሉን ያስረዳል ለሚል ሰው ይህች ምሳሌ ትበቃለች።

የእኛን ታሪክ ያቀረበልን አንድ ተማሪ ከቤቱ ያመጣው የአያቱ አሮጌ ወረቀት ነው፤ ማኅተሙ «ሐረርጌ ክፍለ ሀገር» ይላል። በ1980 ዓ.ም. የደርግ አከላለል ድሬዳዋ ራስ ገዝ ነበረች። በ1984 የሽግግር መንግሥቱ አሥራ አራት ክልሎች አወጣ፤ በ1987 ዘጠኝ ሆኑ፤ በ2012 ሲዳማ ተጨመረ፣ በ2014 ደቡብ ምዕራብ፣ በ2015 የቀረው ደቡብ ለሁለት ተከፍሎ ዛሬ 12 ናቸው። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ የምወስደው፣ «ለምን ተከፈለ?» ከሚለው ይልቅ «ማን ከፈለው? የተከፈለውስ ሕዝብ ተጠይቋል?» የሚለው የተሻለ ጥያቄ መሆኑን ነው። አንቀጽ 46 የሕዝቡን አሰፋፈር፣ ቋንቋ፣ ማንነትና ፈቃድ ይጠራል። ተማሪዎቹ ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስቱ ገጽ በገጽ ጽፈዋል፤ ስለ ፈቃድ የጻፉት ሁለት ብቻ ናቸው።

የሚያዝያው የሐረር ጉዞ የፈቃድ ደብዳቤው ስለዘገየ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ተሳክቷል። ደንገጎን ስንወጣ ከከተማ አስተዳደራችን ወጥተን ኦሮሚያ ገባን፤ ሐሮማያንና አወዳይን አልፈን ሐረሪ ክልል ደረስን። ተማሪዎቹ የየመንገዱን ሰሌዳ ቋንቋ ሲመዘግቡ መጡ። በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ በጣም ያስገረማቸው የክልሉ ምክር ቤት ነገር ነው፦ ከ36 መቀመጫዎች 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፣ ለእነዚህም ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ጭምር ይመርጣሉ። አንዷ ተማሪ «አክስቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሆና ለዚህ ምክር ቤት ትመርጣለች ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ማለት ነው።

የክበባችን የግድግዳ ካርታ ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። በመጪው ዓመት የከተማችንን ቀበሌዎች ወሰን በእግር እየሄድን ለመሳል አስበናል። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፤ የሚመጣ ሁሉ ማስመሪያና ላጲስ ይዞ ይምጣ፣ የክበቡ አልቋል።