ካርቶን ድምፅ የለውም

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን። አየህ፣ ካስተማርከኝ አጀማመር አልወጣሁም። ከአሥመራ ትልክልን የነበረው ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ብሎ ይጀምርና "የወሩን ብር በሰው እጅ ልኬያለሁ" ብሎ ያልቅ ነበር። መሃሉን እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለእኛ ሳታነብልን ታልፈው ነበር።

ፊደሉን ያተለቅሁት ለዓይንህ ብዬ ነው። መጻፌ ግን ለጆሮህ ነው። በፋሲካ ዕለት ስደውል "ሐኪሙ ምን አለህ?" ብልህ "ዶሮው ተወዶ በግ ገዛን" አልከኝ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ሳቄ የቆመው። ለእትዬ ደውዬ ስጨቀጭቃት ደብቃኝ የኖረችውን አወጣችው፤ ቀኙ ከሄደ ዓመት አልፎታል፣ ግራውም እየተከተለው ነው፣ የላክሁልህ የመስሚያ መሣሪያ ደግሞ ከነማሸጊያው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ለካስ ዓመቱን ሙሉ እኔ የማወራው ለብቻዬ፣ አንተም የምታወራው ለብቻህ ነበር።

ሐኪሙ ዕድሜ ነው ብሏል አሉ። ዕድሜ ብቻ አይደለም። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በሠራዊቱ ባንድ ትራምፔት ስትነፋ፣ ከበሮው ከኋላህ፣ ትሮምቦኑ ከጎንህ ሆኖ ስትቆም ማን ጆሮህን ሸፈነልህ? አሁን የምፈራው መንገድ ስትሻገር ነው። አንተን የመሰለ ሰው የመኪና ጥሩምባ ሳይሰማ ቢቀር ለማን ይነገራል? ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ የእትዬን ልጅ አስከትል። የደም ግፊት መድኃኒቱንም "ዛሬ ደህና ነኝ" ብለህ እየዘለልክ ነው አሉኝ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ በቁመት በልጦኛል፤ ጫማዬን እያደረገ ይወጣል። ትንሿ አምስተኛ ክፍል ናት፣ ስለ እሷ ኋላ እነግርሃለሁ። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ሆናለች። ጓሮ የተከልነው ጎመን በቅሏል፣ ጥንቸል ይበላዋል እንጂ። ስለ አየሩም ልጽፍልህ ነበር።

አባዬ፣ ኪቦርድ ከነካሁ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። "ሰርግ በዝቷል፣ ጊዜ የለኝም" እልህ የነበረው ውሸት ነው። ሌሊት ሌሊት ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቤቱ አመላልስ ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመት ቅዳሜ ሰርግ፣ እሑድ መልስ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አንዳንዴም አትላንታ ድረስ። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ማሲንቆው ሁሉ ኪቦርዱ ውስጥ ተቀድቷል፤ እኔ ጀምር የሚለውን ቁልፍ እጫናለሁ። "አሥራ ሁለት ሰው ሥራ የሚያስፈታ ሳጥን" ያልከው ልክ ነበር፤ አሥራ ሦስተኛው እኔ መሆኔን ግን አልነገርከኝም። ድሮ ሁዳዴን እንደ ልጅ እጠብቀው ነበር። ሰርግ የለ፣ ዘፈን የለ፣ 55 ቀን ለራሴ የምለማመድበት ነበር። ኋላ ላይ ደግሞ ለዝምታው ብቻ እጠብቀው ጀመር። በመጨረሻው ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ ሆዴ ይላወስ ጀመር። ሰው ጾም ሊፈታ ሲጓጓ እኔ ጾሙ አንድ ወር እንዲራዘም ስመኝ አስበኝ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በነበረው ሰርግ የሙሽራው እናት እየጨፈረች፣ እያለቀሰች መጣችና ብር ግንባሬ ላይ ለጠፈችልኝ። ላብ ስለነበረኝ ብሩ እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ሴትዮዋን ያስለቀሳትን ዜማ የምጫወተው እኔ ነኝ። የትኛው ዜማ እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ጣቶቼን ቁልቁል አየኋቸው፣ የሌላ ሰው ይመስሉ ነበር። ብሩን ከግንባሬ ሳላነሳ ሰርጉ አለቀ፤ ቤት ደርሼ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጥኩ ነጋ።

ከዚያ በኋላ ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ራሱ አልችልም ነበር። ሬዲዮ አጠፋሁ። አንድ ቀን ትንሿ የቤት ሥራዋን እየሠራች ታንጎራጉር ነበር፣ ምንም ጥፋት አልነበረባትም። "በዚህ ቤት ድምፅ አልፈልግም!" አልኳት።

ቃሉ የአንተ ነው፤ አወራረዱም ሳይቀር የአንተ ነበር።

አሁን ስለ ካርቶኑ ልጻፍልህ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ስለ ካርቶን ቂም መያዝ ያሳፍራል፤ ግን ይዣለሁ። የፓስታ ካርቶን ዘርግቼ የፒያኖ ቁልፎች በማስመሪያ ያሰመርኩበት ነበር፤ 28 ነጭ፣ 20 ጥቁር፣ አራት ኦክታቭ። ጥቁሮቹን በከሰል ነው የቀባኋቸው፤ ጣቴ ሁልጊዜ ይጠቁር ስለነበር እማዬ ሳልታጠብ እንጀራ አታስነካኝም ነበር። ድምፅ በቤታችን ስለተከለከለ ነው በካርቶን የተለማመድኩት። ካርቶን ድምፅ የለውም እኮ አባዬ!

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ትራምፔቱ የመንግሥት ነውና እዚያው ቀረ። አንተ ይዘህ የገባኸው ከንፈር የሚያርፍበትን፣ ጣት የምታህለውን አፉን ብቻ ነበር። በመሐረብ ጠቅልለህ መሳቢያ ውስጥ ከተትከው። ዓመት ሳይሞላ የእድሩ ዳኛ መጡ። መዋጮው እንዲቀርልህ፣ በየቀብሩም ጥቂት ብር እንዲታሰብልህ ተስማማችሁ። ለእንግዳ መሪዎች አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፎ መዝሙር ይነፋ የነበረ ሰው፣ ቁልፍ የሌለው ቆርቆሮ ይዞ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ "አቶ እገሌ አርፈዋል፣ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ነው" እያለ ሰፈሩን መዞር ጀመረ። ትምህርት ቤት "የጥሩምባ ነፊው ልጅ" ይሉኝ ነበር። አንድ ጊዜ በር ላይ ስትጠብቀኝ በሌላው በር ወጥቻለሁ። ይኼንን እንደማታውቅ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሳታውቅ የምትቀር ሰው ግን አይደለህም።

የምታውቀው የማይመስለኝ ሌላው ነው። የሌላው ሰፈር ጥሩምባ ነፊ ዝም ብሎ ያምባርቃል። አንተ ግን ሁለት ድምፅ ታወጣ ነበር፤ ከላይ ትጀምርና ሳትንሸራተት ወደ ታች አምስት ደረጃ ትወርዳለህ። ቁልፍ በሌለው ቆርቆሮ! አንድ ሌሊት ተኝቼ ሳለሁ ሰማሁህ። ካርቶኑን ፍራሹ ላይ ዘርግቼ በጨለማ ጣቴን እያሳረፍኩ ፈለግኋቸው። ሶል፣ ዶ። ሶል፣ ዶ። አንተ ከቀበሌው ጀርባ፣ እኔ ፍራሹ ላይ፣ አብረን ነበር የምንጫወተው። ስትመለስ ልነግርህ ተነሥቼ ተቀምጬ ጠበቅሁህ። ገባህ፣ ጣቴን አየህ፣ ምንም ሳትል ካርቶኑን አጥፈህ እማዬ ለቡና ያቀጣጠለችው ማንደጃ ውስጥ ጨመርከው። ቡናው እስከ ሦስተኛው ድረስ ተጠጣ። ማንም አልተናገረም።

የናቅኸኝ መስሎኝ ኖርኩ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ስገባ ያልመጣኸው፣ ስመረቅም "ወገቤን አሞኝ" ያልከው ሁሉ በዚያ መዝገብ ተጻፈ። ወደዚህ ስመጣ ኪቦርዱን ተሸክሜ የወጣሁት አንተን ለማሳፈር ጭምር ነው።

እዚህ ያለችው ሐኪም የደም ምርመራዬን አይታ ምንም የለብህም አለችኝ። ቀጥላ ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሽታ ሳይለው ከሥራ ጋር የተያያዘ ሁኔታ ብሎ ያሰፈረውን ነገር አስረዳችኝ፤ ጉልበት ተሟጦ ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መመረር፣ የሠሩት ሁሉ ከንቱ መምሰል። የእንግሊዝኛው ቃል ነዶ ማለቅ እንደማለት ነው። እኛ ታከተኝ እንላለን፤ የእኛ ይሻላል። እሷ ስለ እኔ ስታወራ ግን እኔ የማየው አንተን ነበር። በ1977 መስከረም ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ስንት ቀን ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ማርሽ እንደተለማመዳችሁ፣ ከንፈርህ ቆስሎ እማዬ ቅቤ ትቀባህ እንደነበር ትዝ አለኝ። በዚያው ዓመት ወሎ የሆነውን፣ የአያቴንም ነገር፣ ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ፤ አላነሳውም። 1983 እስኪመጣ አልጠበቅህም ማለቴ ነው። ትራምፔቱ ከእጅህ ሲወጣ ሙዚቃው ከሄደ ቆይቶ ነበር፤ ተሳሳትኩ?

ይኼ ሲገባኝ ቂሙ የሚወጣልኝ መስሎኝ ነበር፤ አልወጣልኝም። "ልጄ፣ ታክቶኛል" ማለት ትችል ነበር። ሁለት ቃል ነው። እኔም ለልጄ አላልኳትምና በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም።

እንግዲህ ትንሿ። እዚህ አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርት ቤት ባንድ ውስጥ ይገባሉ፤ መሣሪያውን ከሱቅ በወር ኪራይ እንወስዳለን። ፍሉት ትመርጣለች ብለን ስንጠብቅ ጥቁር ሣጥን አንጠልጥላ ገባች። ትራምፔት! ማንም አልነገራትም፤ አንተን የምታውቅህ በስልክ "ጎበዝ፣ ጎበዝ" ስትል ብቻ ነው። ምድር ቤት ወርዳ አንድ ሳምንት ሙሉ ጉንጯን እየነፋች ለፋች፣ የሚወጣው የጥጃ ድምፅ ነበር። እኔ ላይ ቤት ትራስ ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ተኝቻለሁ። በስምንተኛው ቀን ወረድኩ። ልከለክላት ነበር የወረድኩት፣ እውነቱን ልንገርህ። ደረጃው ላይ ሳለሁ ግን ከአፌ የወጣው "አትንፊው፤ ከንፈርሽን እንደ ንብ አንዝዢው" የሚል ሆነ። አፉን ነቅዬ ብቻውን ሰጠኋት። ይኼንን ያስተማርከኝ ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ደጃፍ ላይ ጉልበትህ ላይ አስቀምጠኸኝ ነው። ያኔ ገና ትስቅ ነበር።

በወሩ ሌላ ጥያቄ አመጣች። "የእኔ ዶ ለምን ከፒያኖው ዶ ጋር አይገጥምም? ትራምፔቱ ይዋሻል?" የፒያኖው ዶ ለእሷ ሬ እንደሆነ ላስረዳት ብሞክር አልገባትም። ማሳየት ነበረብኝ። ኪቦርዱን ከነአቧራው አወጣሁት። ሪትሙን በሙሉ አጠፋሁ፤ ፒያኖ ብቻ። አምስቱን የትዝታ ድምፆች አንድ በአንድ ነካሁላት፤ እሷም በራሷ ቋንቋ፣ ከሬ ተነሥታ፣ እየተንገዳገደች ተከተለችኝ። አራተኛዋ ድምፅ ላይ ትሰነጠቃለች። እንደገና። እንደገና። ጣቶቼ ወፍረው፣ ሰንፈው ነበር። ስንሰማማ ግን የግራ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ፤ እንደዚያ ሲሆን አሥር ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። ላይ ቤት የጣድኩት ሽሮ አርሮ የጭሱ ማስጠንቀቂያ እስኪጮህ ድረስ ቆየን። እሱም ከድምፃችን ጋር አልገጠመም።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን እንጫወታለን። ሰርግ አልተመለስኩም። ትመለሳለህ ወይ ካልከኝ እንጃ፤ የቤቱ ዕዳ አለ። ጠዋት መኪና ውስጥ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ ይኼ ብቻ እርግጥ ነው።

በክረምት ትምህርት ሲዘጋ እኔና እሷ እንመጣለን። ትራምፔቷን ትይዛለች። አፉን ከመሳቢያው አውጥተህ በለብ ያለ ውኃና በሳሙና እጠበው፤ ከእሷ ትራምፔት ጋር ይገጥማል ብዬ አስባለሁ። ጥርሴ አልቋል ልትለኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ንፋ አላልኩህም። እሷ ስትነፋ እጅህን ደወሉ ላይ፣ ድምፅ በሚወጣበት ሰፊ ጫፍ ላይ ታደርጋለህ፣ ስትሳሳት ትቆጣታለህ። እኔ መቆጣት አልችልበትም።

ካርቶኑን ማንደጃው ውስጥ ስትጨምር ግን ምን አስበህ ነበር? በስልክ እንዳትመልስልኝ። ጻፍልኝ። መሃሉንም ጻፍልኝ።

ልጅህ

የመስሚያ መሣሪያውን ባትሪ ከመድኃኒቱ ጋር በሰው ልኬልሃለሁ፤ ቡናማ ልጣፍ ያለበት፣ 312 የሚል ነው። ልጣፉን ከላጥከው በኋላ ወዲያው አትክተተው። አንድ ደቂቃ አየር ይንካው፤ አለዚያ ቶሎ ያልቃል።