«ሊጥል ይችላል» እና «ይጥላል» ይለዩልን፦ ለዴንቨርና ቦልደር የአየር ትንበያ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት
የዴንቨርና ቦልደር ትንበያ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የወቅቱ መጀመሪያ በረዶ ትንበያ ከነእርግጠኝነቱ መጠን በአማርኛ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የትንበያ ባለሙያዎች፣

በዴንቨርና በአውሮራ ከምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙዎቻችን ጎሕ ሳይቀድ መሪ የምንጨብጥ ወይም ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ለሥራ የምንገሰግስ በመሆናችን፣ የመጀመሪያው በረዶ መቼ እንደሚጥል ማወቅ ለእኛ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው።

ጳጉሜን 3 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 2020፣ አይረሳኝም። ዕለቱ ሩፋኤል ስለነበር ልጆቼ እንደ አገር ቤቱ ልማድ በዝናቡ ሊጠመቁ ሲጠብቁ የወረደው በረዶ ሆነ። ከሦስት ቀን በፊት በዴንቨር 101 ዲግሪ ፋራናይት ተመዝግቦ ነበር። ቅዝቃዜው እንደሚመጣ ቀድሞ ተነግሯል፤ ያላመንኩት እኔ ነኝ። በረንዳ ላይ ያለውን በሶብላ እንኳ ወደ ቤት ሳላስገባ ተኝቼ፣ ጠዋት ቅጠሉ ሁሉ ጠቁሮ አገኘሁት።

ያላመንኩበት ምክንያት ነበረኝ። ቀደም ሲል በቴሌግራም የተቀባበልነው፣ ከተማዋን በሙሉ በሐምራዊ ቀለም የሸፈነ የበረዶ ካርታ ሁላችንንም ገበያ አስወጥቶ ሲያበቃ የመጣው ካፊያ ብቻ ነበር። ካርታው ሐሰት አልነበረም፤ የአንድ ሞዴል (የአየር ሁኔታን የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) የአንድ ጊዜ ስሌት እንጂ ትንበያ አለመሆኑን የነገረን ሰው ግን አልነበረም። ጂኤፍኤስ የሚባለው የአሜሪካው ሞዴል በቀን አራት ጊዜ ይሰላል፤ በረዶውን የሚያመጣው የአየር ማዕበል ገና ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ እያለ የጠዋቱ ስሌት የማታውን ቢያፈርሰው አይገርምም። እናንተ የምትመዝኑት፣ በመነሻው መረጃ ላይ ጥቂት ጥቂት ለውጥ እየተደረገ በአሜሪካው ሥርዓት 31፣ በአውሮፓው 51 ጊዜ የሚሰላውን ስብስብ ነው። ከ51ዱ አሥራ ሁለቱ ብቻ በረዶ ካሳዩ ዕድሉ ከሩብ ያነሰ መሆኑን ማንኛችንም እንረዳለን፤ ደግሞም ዕቁብ የጣለ ሰው ስለ ዕጣ አይነገረውም።

የኦክቶበር በረዶ ደግሞ ከጃንዋሪው ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ማዕበሉን የሚያመጣው ዝቅተኛ የአየር ግፊት ከከተማዋ በስተደቡብ ካለፈ የምሥራቁ ነፋስ እርጥበቱን ወደ ሮኪ ተራሮች እየገፋ ያወጣውና በረዶው ይከመራል፤ መንገዱን ጥቂት ወደ ሰሜን ካዞረ ግን ከተማዋ ሳይነካት ሊያልፍ ይችላል። ሙቀቱ ውኃ በረዶ በሚሆንበት ነጥብ ዙሪያ ስለሚዋልል የአንድና የሁለት ዲግሪ ልዩነት በረዶውን ዝናብ ያደርገዋል። በየስልኩ የሚታዩት ካርታዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኢንች ውኃን አሥር ኢንች በረዶ አድርገው ስለሚቆጥሩ፣ ገና ባልቀዘቀዘ አስፋልት ላይ የሚቀልጠውን እርጥብ በረዶ ያጋንኑታል። በሌላ በኩል ዛፎቹ ቅጠላቸውን ስላላራገፉ፣ ያ እርጥብ በረዶ ጥቂትም ቢሆን ቅርንጫፍ ገንጥሎ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ይጥላል።

ዋናው ችግራችን ግን ቃል ነው። «ዊንተር ስቶርም ዎች» የምትሉት የከባድ በረዶ ማሳሰቢያ በተለምዶ ዕድሉ ግማሽ ሲደርስ፣ «ዋርኒንግ» የምትሉት ደግሞ 80 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው። በአማርኛ ሁለቱም «ማስጠንቀቂያ» ተብለው ይደርሱናል። በረዶ የሚለው ቃላችን ራሱ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ብናኙንም፣ መንገድ ላይ የጋገረውንም አንድ ላይ ይጠራል፤ ሹፌር የሚገለብጠው ግን ሦስተኛው ነው።

መሥሪያ ቤታችሁ ከ2023 ጀምሮ ትንበያዎችን በማሽን እያስተረጎመ በስፓኒሽና በቻይንኛ ማውጣት መጀመሩን እናውቃለን። እኔ የምጠይቀው ገጹ ሁሉ ወደ አማርኛ ይገልበጥ ብዬ አይደለም፤ ማሽን «ዎች»ን «ሰዓት» ብሎ ከሚያስቀን፣ በሰው የተመረጡ አሥር ቋሚ ቃላት ይበቁናል። «ዎች» «ሊጥል ይችላል፣ ተዘጋጁ»፣ «ዋርኒንግ» «ይጥላል፣ ከመንገድ ራቁ» ቢባል ለሹፌሩ ሁሉ ይገባዋል። ከሥሩም በእንግሊዝኛ የምታወጧቸው ሦስቱ ቁጥሮች፣ ማለትም ዝቅተኛው፣ የሚጠበቀውና ከአሥር አንድ ዕድል ያለው ከፍተኛው የበረዶ መጠን፣ ሳይነጣጠሉ ይቀመጡ። የሚጠበቀው ብቻውን ከወጣ ያው የቴሌግራሙ ካርታ ይሆናል።

ቃላቱን ለመምረጥ ስትቀመጡ የሌሊት ፈረቃ ሹፌሮችን ብትጠሩን እንመጣለን፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ይመቸናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአውሮራ ነዋሪ