ለሁሉም አባላት፦ ፒኤችፒን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ አስነሱ

ሰላም ለሁላችሁ፣

ከቀጣዩ የልምምድ ጊዜያችን በፊት ፒኤችፒን፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚሠራበትን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ጭናችሁ ጠብቁን። አፓቼን፣ ማለትም ገጾችን ለብራውዘር የሚያቀርበውን የተለመደ ሰርቨር፣ ለጊዜው ተዉት፤ ለጀማሪ ትርፉ ራስ ምታት ነው። ፒኤችፒ ከ5.4 እትም ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 ወዲህ፣ የራሱን ትንሽ ሰርቨር ይዞ ይመጣል።

ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ክፈቱና ፋይሎቻችሁ ወዳሉበት ፎልደር ግቡ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ፊደል ፒኤችፒ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና ትልቁ ኤስ፣ ክፍት ቦታ፣ ሎካልሆስት፣ ሁለት ነጥብ (:)፣ 8000 ብላችሁ ጻፉ። ሎካልሆስት ማለት የራሳችሁ ኮምፒውተር ነው። ኤስ የግድ ትልቁ ይሁን፤ በትንሹ ከጻፋችሁት ሌላ ትእዛዝ ስለሆነ ሰርቨሩ አይነሳም። አሁን ብራውዘራችሁ ላይ ሎካልሆስት፣ ሁለት ነጥብ፣ 8000 ብላችሁ ግቡ።

ፋይሉን ደብል ክሊክ አድርጎ መክፈት አይሠራም። ብራውዘር ፒኤችፒ አይገባውም፤ ኮዱን አስኪዶ ውጤቱን ብራውዘር በሚገባው ቋንቋ፣ በኤችቲኤምኤል፣ የሚሰጠው ሰርቨሩ ነው። ብዙ ሰው የሚደናበረው እዚህ ጋ ነው።

ፖርቱ (8000 የሚለው የመግቢያ ቁጥር) ተይዟል ካላችሁ 8001 ሞክሩ። ተርሚናሉን ከዘጋችሁት ሰርቨሩም አብሮ ይጠፋል። ኮድ ስትቀይሩ ግን ሰርቨሩን እንደገና ማስነሳት አያስፈልግም፤ ሴቭ አድርጎ ገጹን ሪፍሬሽ ማድረግ ይበቃል። ለማቆም ኮንትሮልና ሲ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ይሄ ሰርቨር ለልምምድ ብቻ ነው። በመደበኛ አሠራሩ ጥያቄ የሚያስተናግደው አንድ በአንድ ነው፤ የደህንነት ጥበቃውም ለአደባባይ የታሰበ አይደለም። በሎካልሆስት ፈንታ 0.0.0.0 ካላችሁ ደግሞ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሊገባበት ይችላል።

ካልሠራላችሁ ተርሚናሉ ያወጣውን ጽሑፍ ኮፒ አድርጋችሁ ላኩ። በስልክ የተነሳ የስክሪን ፎቶ ግን፣ እባካችሁ፣ ይቅርብን።