ስድስት ፊደልና ሦስት ፊደል

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበትህ እንዴት ነው? እህቴ የምሳውን ክኒን ትዘላለህ ብላ ከስሳሃለች። እሱን ስመጣ እንነጋገርበታለን።

የዛሬውን ጉዳይ በስልክ ያላነሳሁት ስለምትዘጋብኝ ነው። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ መጀመሪያ ታነበዋለህ፤ አውቅሃለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሱቅ መጡ። ማን እንደሆኑ ገብቶሃል። ስማቸውን ከጻፍኩ እዚህ ጋ ስለምታቆም «ጋሼ» ብቻ እላቸዋለሁ። ከዘራ ይዘዋል፣ ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ በኋላ ከከተማ ወጣ ያለ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ ያውም አራተኛ ፎቅ። እስከ ብሔራዊ ሁለት ታክሲ ይዘው ነው የመጡት። ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ከፌስታል ውስጥ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣው ውስጥ አንዲት ወረቀት አወጡ። «ይቺን አጽዳልኝና ሁለት ኮፒ አትምልኝ።»

ወረቀቷን ታውቃታለህ። የደብተር ግማሽ ታክላለች። አራት ላይ ታጥፋ ኖራ መሐሏ ሊበጠስ ደርሷል፤ አንዱ ጥግ ላይ ዘይት ነገር ነክቷታል። አክርድዮንና ጊታር ተሥሎባታል። «ዘወትር ቅዳሜ ማታ» ትላለች። ሥሩ ስማችሁ ነው፤ የእሳቸው ላይ፣ ያንተ ታች።

ለዚህች ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ዓመት።

እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «አባትህ እኔን ያገባኝ በትርፍ ሰዓቱ ነው» ትል ነበር። ሠርግ ላይ፣ ለገሃር እዚያ ቡና ቤት፣ ክርስትና ላይ፣ ሁሌም ሁለታችሁ። ሰው አንዳችሁን ለብቻ ጠርቶ አያውቅም። አብዮቱ ሰዓት እላፊውን ይዞ መጥቶ ቅዳሜ ማታን ባያጠፋው እንኳ እናንተ ቀድማችሁ ተኮራርፋችኋል። እኔ የደረስኩት ኩርፊያው ላይ ነው።

እስቲ አስበው፤ የኛ አገር ባንዶች ብልጥ ነበሩ። የሰው ስም አይነኩም። ዋልያስ፣ አይቤክስ፣ ዳህላክ፣ ሮሃ። (ዋልያስና አይቤክስ በአንድ የሰሜን ተራራ ፍየል ነው የተሰየሙት፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ። ይህን የነገርከኝ አንተ ነህ። እየሳቅክ መጨረስ አቅቶህ ነበር።) ማህሙድ «ኧረ መላ መላ»ን ሲጫወት ከኋላው አይቤክስ አለ። ከተጫዋቾቹ ጆቫኒ ሪኮ ይቅደም ሰላም ስዩም ብሎ የሚከራከር የለም። ባንዱ አይቤክስ ነው፣ አለቀ። በሁለት ስም መጠራትን እኛ የለመድነው በቀልድ ነው፤ ደረጀና ሀብቴ፣ ልመነህና አለባቸው። አገላብጠህ በለው እስቲ፤ ሀብቴና ደረጀ። አፍ ላይ አይቀመጥም።

ውጭ አገር ግን ሁለት ስም ለጥፎ መዝፈን የተለመደ ነው፤ ጣጣውም እንደዚያው። ልጅ ሆኜ ካሴቶችህ ላይ በሁለት ስም መሐል ያለችውን ጠማማ ምልክት (&) ምንድን ነች ስልህ «ቋጠሮ ነች» አልከኝ። ኋላ በሥራዬ ሳውቃት የላቲኑ «ኤት» ሆና ተገኘች፤ «እና» ማለት ነው። በጽሕፈት ብዛት ሁለቱ ፊደላት ተጣብቀው ቀሩ። ቋጠሮ ማለትህም አልራቀም።

ያቺ ምልክት ያለችበትን ካሴት ሁሉ ከሳጥኑ አውጥቼ ሰሞኑን ስሰማ ነው የከረምኩት። ሳይመንና ጋርፈንክል አሉ አይደል? በ1941 እ.ኤ.አ. የተወለዱ የኒውዮርክ የሰፈር ልጆች ናቸው። የተዋወቁት ትምህርት ቤት ቲያትር ሲሠሩ ነው፤ አንዱ ጥንቸል፣ አንዱ ድመት ሆኖ። በ16 ዓመታቸው «ቶም እና ጄሪ» ተብለው ዘፈን አወጡ፣ ተሰማላቸውም። ወዲያው ሳይመን ለጓደኛው ሳይነግር ለብቻው ሌላ ሸክላ አስቀረጸ። ጋርፈንክል ያቺን ነገር ስንት ዓመት ሆዱ ውስጥ እንደያዛት! በ1970 ተለያዩ። በ1981 ሴንትራል ፓርክ ውስጥ በነጻ ሲዘፍኑ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ወጣላቸው ተባለ፤ እሱም አላስታረቃቸውም። ከዚያ በ2024 ጋርፈንክል ለጋዜጣ ሲናገር ምን አለ መሰለህ? ምሳ አብረው በልተው ተላቅሰዋል። ሁለቱም ሰማንያውን አልፈዋል። ካንተ ይበልጣሉ።

ሌሎቹ እንዲህ አልቀናቸውም። ዳሪል ሆልና ጆን ኦትስ ከ50 ዓመት በኋላ በ2023 ፍርድ ቤት ቆሙ፤ ኦትስ ድርሻዬን ልሽጥ ብሎ። ሆል ድሮም «ሆልና ኦትስ» ሲባል ደስ አይለውም፤ አልበሙ ላይ ያለው ሙሉ ስማችን ነው ባይ ነው። የስም ነገር የማያበሳጨው ሰው የለም ለካ።

ፒችስና ኸርብ ደግሞ አስቂኝ ናቸው። ኸርብ ያው አንዱ ሰውዬ ነው፤ ፒችስ ግን ሴቶች እየተፈራረቁባት ስንቴ ተቀየረች። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ዝም አሉና «እኔም ሞክሬያለሁ» አሉኝ። ካንተ በኋላ ሌላ ጊታር ተጫዋች አምጥተው ነበር። ሁለት ሳምንት አልቆየም። «ልጁ ይችላል፣ መቻሉንስ ይችላል። ግን አክርድዮኑ መቼ እንደሚተነፍስ አያውቅም። አባትህ ያውቅ ነበር።» ይህን ሲሉ ወረቀቷን ነበር የሚያዩት።

ሳምና ዴቭንስ? አንተ ነህ ያስወደድከኝ። መድረክ ላይ በላብ ተነክረው እንደ አንድ ሰው ይጮኻሉ። ከመድረክ ከወረዱ ግን ከአሥር ዓመት በላይ አልተነጋገሩም። ዴቭ በ1988 በመኪና አደጋ ሞተ። ሳም ከዚያ በኋላ 36 ዓመት ኖረ። ያን ሁሉ ዓመት ያንኑ ዘፈን ዝፈን ሲሉት ምን ይሰማው ነበር እያልኩ አስባለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ለምንድን ነው የእርስዎ ስም የቀደመው?» አልኳቸው በድፍረት። ሳቁ። «እኔ በምን አውቄ? ማተሚያ ቤቱ ነው። አባትህ እኔ ጉርሻ ሰጥቼ ያስቀደምኩ መሰለው።»

አላመንኳቸውም። ያንተ ልጅ ነኝ።

ማታ ሱቁን ዘግቼ ወረቀቷን ስካን አደረግኩና አጉልቼ አየኋት። በድሮው የእርሳስ ብረት ፊደል ነው የታተመችው፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ወፍሯል። ኮምፒውተሩ ላይ በልኳ ልክ ገጽ ከፈትኩ፣ ፊደሉንም በልኩ አደረግኩ። ያንተን ስም ላይኛው መስመር ላይ ጻፍኩ። ስድስት ፊደል። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ልክክ አለ። ከዚያ «ና»ን ጨመርኩ።

አልገባችም አባዬ። ከጠርዙ የሐረግ ጌጥ ወጥታ ለብቻዋ ባዶው ላይ ተንጠለጠለች።

አየህ፣ በኛ ቋንቋ «ና» የምትለጠፈው መጀመሪያ በሚጠራው ስም ላይ ነው። የሚቀድም ሰው አንድ ፊደል ይጨመርበታል። የጋሼ ሦስት ፊደል «ና» ተጨምሮ አራት፤ ዘና ብሎ ይገባል። ያንተ ስድስት ደግሞ ያለ «ና» ታችኛውን መስመር ጥርስ በጥርስ ሞላው። እኔ ዛሬ ፊደሉን ማሳነስ እችላለሁ። የእርሳስ ፊደል እንደዚያ አይጠብም፤ አነስ ያለ መጠን ያለውን ፊደል ቢያመጣ ደግሞ «ዘወትር ቅዳሜ» ከስማችሁ ይገዝፋል። ያ የማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ ምን ያድርግ? አያቴ ረጅም ስም አወጡልህ፣ እሱ የሚገባውን አስገባ። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

የሠርጉ ገንዘብ ነገርም እንዳለበት አውቃለሁ። ያንተን ሰምቻለሁ፣ አሁን የእሳቸውንም ሰማሁ። አይገጥሙም። በዚያ ላይ እኔ አልዳኝም፤ ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ የዋሻችሁ ይመስለኛል።

የዘይቱን ነገር አጽድቼዋለሁ። የመታጠፊያውን መስመር ግን ተውኩት፤ ሳጠፋው ወረቀቷ የሌላ ሰው ሆነችብኝ። ሁለት ኮፒ አትሜ አንዱን በፍሬም አድርጌዋለሁ። ሁለተኛው ለማን ነው ብላቸው «ይቀመጥ» ብቻ አሉ። ሒሳቡን ግን የሁለቱንም ከፈሉ። አልቀበልም ብል ተቆጡኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ሊወስዱ ይመጣሉ። ብሔራዊ ቲያትር ፊት ለፊት አንበሳው ጋ ጠብቄ ነው የምቀበላቸው፤ ደረጃው ስለሚያስቸግራቸው። እህቴ ጠዋት ከደብረ ዘይት ይዛህ ትወጣለች፣ ጨርሰናል። ጊታሩን ተወው። የምሳውን ክኒን እንዳትረሳ።

ና።

ልጅህ