ኳርተርባኩን የሚሰብረው ሩጫው አይደለም

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካ ፉትቦል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ አንድ ነገር ከነከነኝ። ኳርተርባክ (ኳሱን ለጓደኞቹ የሚወረውረውና ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች) ኳስ ይዞ መሮጡን ካልተወ ሜዳ ላይ አይቆይም ትላላችሁ። ሜሪላንድ ስኖር ብዙ ዓመቴ ነው፣ የዋሽንግተንን ቡድን በየሳምንቱ አያለሁ፣ በዚህ ግን አልስማማም።

የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ሮበርት ግሪፊንን አስታውሱት (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኮሌጅ እያለ የ400 ሜትር መሰናክል ሯጭ ነበር። በ2012፣ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ ኳስ ይዞ 815 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ሮጠ፤ እኛ ሰፈር የሱን ማልያ ያልለበሰ ልጅ አልነበረም። ዲሴምበር ላይ ከባልቲሞር ጋር ሲጫወት ቀኝ ጉልበቱን ተመታ። አንድ ጨዋታ ብቻ አርፎ ተመለሰ።

ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 የዋሽንግተን ቡድን ሜዳ ባለበት ላንዶቨር ላይ ከሲያትል ጋር ገጠሙ። ገና በመጀመሪያው ሩብ 7 ለ 0 እየመሩ ጉልበቱ ከዳው። ከዚያ በኋላ ሲያነክስ ዓይን ያለው ሁሉ አይቷል። እኔና ወንድሜ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን "ኧረ አስወጡት!" እያልን እንጮሃለን፣ ማን ይስማን። በአራተኛው ሩብ ኳሱ ዝቅ ብሎ መጣ፣ ሊያነሳው ዞር ሲል ጉልበቱ ወደ ውስጥ እጥፍ አለ። ማንም አልነካውም፣ እየሮጠም አልነበረም። ወንድሜ ምንም ሳይናገር ተነስቶ ወደ ኩሽና ሄደ። 24 ለ 14 ተሸነፉ፣ ልጁ ሁለት የጉልበት ጅማት ተጎድቶ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያ የምናውቀው ግሪፊን አልተመለሰም።

እዚያው ሜዳ ላይ ሌላው ኳርተርባክ አሌክስ ስሚዝ በ2018 እግሩ ተሰብሮ 17 ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆኗል። ጆ በሮው የተባለው ኳርተርባክም በ2020 ጉልበቱ የሄደው እዚያው ነው። ሁለቱም ለመሮጥ ሳይሆን ለመወርወር ቆመው ሳለ ነው የተመቱት። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሚወረውር ሰው እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ዓይኑ ሩቅ ነው፣ ከጎን የሚመጣበትን አያይም። የሚሮጠው ግን መቺውን ከፊት ለፊት ያየዋል፣ ወይ ከመስመር ይወጣል ወይ እግሩን አስቀድሞ ይንሸራተታል፤ ከተንሸራተተ ደግሞ ጨዋታው እዚያው ይቆማል፣ የመታው ይቀጣል። በእርግጥ ለአንድ ያርድ ብሎ በጭንቅላቱ የሚወረወር ሰው አለ፣ እሱን እኔም አልከላከልለትም።

የሚያናድደኝ ታሪኩ መደገሙ ነው። ሌላው የዋሽንግተን ኳርተርባክ ጄይደን ዳንኤልስ በ2024፣ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ 891 ያርድ ሮጠ። ኖቬምበር 2 ቀን 2025፣ አሁንም ላንዶቨር፣ አሁንም ከሲያትል ጋር፣ በአራተኛው ሩብ በ31 ነጥብ እየተመሩ ልጁ ሜዳ ላይ ነበር። የግራ ክርኑ ወለቀ። ያለቀለት ጨዋታ ላይ ምን ይሠራ ነበር? አሰልጣኙ ዳን ክዊን ራሱ ጥፋቱ የኔ ነው ብሏል፣ ለዚህ አከብረዋለሁ፤ ክርኑ ግን ወልቋል።

እና እባካችሁ፣ ስለዚህ ጉዳይ እንደገና ስትጽፉ ሯጩን ልጅ ብቻ አትውቀሱት። እያነከሰ ያለን ተጫዋች "በቃህ፣ ውጣ" ማለት የማን ሥራ እንደሆነ ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ